አዲስ ራም ገጥማችሁ ኮምፒውተሩ እምቢ ሲል

ራሙ ተበላሽቷል ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ምልክቱን እዩ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ ከማዘርቦርዱ ወይም ከነባሩ ራም ጋር አልተስማማም።

ስሎቱ ውስጥ አልገባ አለ

የራሙ ትውልድ (ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 ወይም ዲዲአር5) ስሎቱ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መሰኪያ፣ ከሚቀበለው ሌላ ነው። የዴስክቶፕ ዲዲአር3 240 ፒን (የብረት መገናኛ) አለው። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ግን ሁለቱም 288 ስለሆኑ በዓይን መንትያ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው ታችኛው ጠርዝ ላይ ያለችው ክፍተት ናት። እሷ ከስሎቱ ጉጥ ጋር ካልገጠመች በጉልበት አትሞክሩት። መቀየር እንጂ ሌላ መላ የለውም። የኢንቴል 12ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ሁለቱንም ይችላል ተብላችሁ ከሆነ እውነት ነው፤ ስሎቱን የሚወስነው ግን ማዘርቦርዱ ነው።

ገባ፣ ግን ስክሪኑ ጥቁር ነው

ፋኑ ይዞራል፣ ምስል የለም። የኤሌክትሪክ ኬብሉን ነቅላችሁ ራሙን አውጡና ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል መልሳችሁ ጫኑት፤ በአንድ በኩል ብቻ ገብቶ የሚቀር ብዙ ነው። ዲዲአር5 ከሆነ ታገሱ፤ መጀመሪያ ሲበራ ራሙን እስኪለማመድ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፣ አጥፍቶ ማብራት ነገሩን ከዜሮ ያስጀምረዋል።

ካልሆነ አዲሱን ብቻውን ሞክሩት። ብቻውን ሰርቶ ከአሮጌው ጋር እምቢ ካለ ሁለቱ አልተግባቡም ማለት ነው፤ ለዚህ ነው ከመቀላቀል ይልቅ አንድ ላይ የታሸገ ጥንድ መግዛትን የምመርጠው። ብቻውንም ካልሰራ ተለጣፊውን አንብቡ። ሬጅስተርድ ከሆነ የሰርቨር ራም ነው፤ ተራ ዴስክቶፕ አይቀበለውም፣ ርካሽ ሆኖ የተገኘውም ለዚሁ ሊሆን ይችላል። ዲዲአር3 በሚጠቀሙ የኢንቴል 4ኛ ትውልድ ማሽኖች ላይ ደግሞ የአንዱ ራም ጣሪያ 8 ጊጋባይት ነው።

ፍጥነቱ 3200 የሆነ ገዝቼ 2400 ያሳያል

ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብታችሁ ኤክስኤምፒን፣ ማለትም ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ቅንብር፣ አብሩ። አሮጌ ራም አብሮት ካለ ሁለቱም በቀርፋፋው ፍጥነት ይሄዳሉ። የኮምፒውተሩን ዕቃዎች መረጃ የሚያሳየው ሲፒዩ-ዚ የተባለው ፕሮግራም 1600 ቢላችሁ ግን አትደንግጡ፣ በሁለት አባዙት።

8 ጊጋባይት ገጥሜ 4 እንኳን አይሞላም

ዊንዶውሱ 32 ቢት ነው። 64 ቢት ጫኑ።

ይሰራል፣ ግን በድንገት ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል

ኤክስኤምፒን አጥፉ። ካልቆመ ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሌሊቱን አሳድሩት፤ ስህተት ካገኘ ራሞቹን አንድ በአንድ በዚያው ስሎት ፈትኑ። ስህተቱ አንዱን ራም ተከትሎ ከሄደ ራሙን መልሱ፤ የትኛውም ራም እዚያ ስሎት ላይ ብቻ ከተሳሳተ ችግሩ የማዘርቦርዱ ነው።