ጌርበር ስታዩ ዓይናችሁ ለሚደክም

ጌርበር (የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ለማሠራት ወደ ፋብሪካ የሚላክ ፋይል) በኪካድ ጌርብቪው ፕሮግራም ስትከፍቱ ሌየሩን (የቦርዱን ንብርብር) አንድ በአንድ እያጠፋችሁ አትልፉ። የሌየር ዝርዝሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ኦልዌይስ ሃይድ ኦል ሌየርስ በት አክቲቭ» የሚለውን ምረጡ፤ ከዚያ የመረጣችሁት ብቻ ይታያል።

ትናንት ደሴ ላይ፣ መብራት ሳይሄድ ልጨርስ ብዬ ስጣደፍ፣ የቻርጀር ቦርዴ ላይ «አር4» የሚለው የሬዚስተር መለያ ጽሑፍ ግማሹ ፓዱ (ዕቃው የሚበየድበት መዳብ) ላይ ወድቆ ሦስቴ አይቼ አልፌዋለሁ። ሁሉም ሌየር በርቶ ማን ያየዋል!

እንዲህ ያለውን ለመያዝ ግን ሁለት ሌየር አንድ ላይ ያስፈልጋል። ያንን ምርጫ አንሱት፣ ሁሉንም ደብቁ፣ ከዚያ የጽሑፉን ሌየርና ሶልደር ማስኩን (መዳቡን የሚሸፍነውን መከላከያ ቀለም) ብቻ አብሩ። ማስኩ ላይ የሚታየው ቅርጽ ቀለሙ የማያርፍበት ክፍት ቦታ ነው (እኔም መጀመሪያ ገልብጬ ነበር የገባኝ)። ጽሑፉ እዚያ ከገባ፣ አብሽሩ፣ ገና አልታተመም።