ኬሞ ልብን መጉዳት ሲጀምር በኤኮ ቀድሞ ለማወቅ

ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት ልትጀምሩ ነው? እንግዲያው ከመጀመሪያው ዙር በፊት የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኤኮ ተነሱ። መነሻ ከሌለ በኋላ የሚመጣውን ውጤት ከምን ጋር ታወዳድሩታላችሁ?

ሁሉም የካንሰር መድኃኒት ልብ አይነካም። የመድኃኒታችሁን ስም ጠይቃችሁ ጻፉ። ሽንት የሚያቀላው ቀዩ ዶክሶሩቢሲን እና ለአንዳንድ የጡት ካንሰር የሚሰጠው ትራስቱዙማብ ክትትል ይፈልጋሉ።

ምርመራው አያምም። በግራ ጎን ትተኛላችሁ፣ ደረት ላይ ጄል ይቀባል፣ ልባችሁ ስክሪኑ ላይ ስትመታ ትታያለች። የደም ግፊታችሁ የዚያኑ ሰዓት ተለክቶ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ግፊት ሲጨምር ውጤቱ ይዛባል።

ወረቀቱን ስትቀበሉ ኤጀክሽን ፍራክሽን የሚለውን ፈልጉ። የግራው የልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት ስንት በመቶውን እንደሚገፋ ያሳያል። ከመነሻው 10 ነጥብ ቀንሶ ከ50 በታች ከወረደ ልብ ተጎድቷል። ችግሩ፣ ይሄ ቁጥር የሚወርደው ዘግይቶ ነው።

ቀድሞ የሚናገረው ስትሬን ነው። የልብ ጡንቻ በየምቱ ምን ያህል እንደሚያጥር ይለካል፤ ማጠር ስለሆነ በመቀነስ ምልክት ይጻፋል፣ ጤነኛ ልብ −20 አካባቢ ነው። ምልክቱን ተዉትና ቁጥሩን እዩ። 20 የነበረው 16 ከሆነ በ20 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው። ከ15 በመቶ በላይ ከቀነሰ፣ ኤጀክሽን ፍራክሽኑ 60 ቢሆን እንኳን፣ «ኖርማል ነው» ተብላችሁ አትመለሱ፤ የልብ ሐኪም ይየው።

ስትሬን ከማሽን ማሽን ይለያያል። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ላይ ኤኮ ከተነሳችሁ ቀጣዩንም እዚያው፣ በዚያው ማሽን ተነሱ። የድሮውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ማሽኑ ስትሬን የማይሠራ ከሆነ ትሮፖኒን የሚባል የደም ምርመራ ያግዝ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

ትራስቱዙማብ ላይ ኤኮው አብዛኛውን ጊዜ በየ3 ወሩ ነው። ዶክሶሩቢሲን የወሰደ ሰው ከጨረሰ በኋላ ባለው 1 ዓመት ውስጥ ይታያል፤ መጠኑ ከፍ ካለ ወይም ቀድሞ የልብ ችግር ካለ በመሃልም ይደጋገማል።

ቁጥሩ ቢወርድ በራሳችሁ ኬሞ እንዳታቆሙ! እንደ ኢናላፕሪል እና ካርቬዲሎል ያሉ የልብ መድኃኒቶች ቶሎ ሲጀመሩ ብዙ ሰው ሕክምናውን ይጨርሳል።

ደሴ ዳገት ስለሆነች የትንፋሽ ማጠርን በዳገቱ ማሳበብ ቀላል ነው። ግን ሳታርፉ የምትወጡት ዳገት መሃል ላይ ካስቆማችሁ፣ ሌሊት ትራስ ሳትደራርቡ መተኛት ካቃታችሁ ወይም እግራችሁ ካበጠ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሂዱ።