በመካከለኛ ውጤት ለሥነ ልቦና ድኅረ ምረቃ ሲያመለክቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ተመርቀው አማካይ ውጤታቸው ከ2.5 እስከ 3.0 የሆነ ብዙ ወጣቶች፣ የድኅረ ምረቃ ነገር ሲነሣ «የእኔ ነጥብ ለዚያ አይበቃም» ብለው ጉዳዩን ገና ሳይጀምሩት ይተዉታል። ሌሎች ደግሞ ማስታወቂያ ባዩበት ሁሉ ያንኑ አንድ ማመልከቻ ይልካሉ። ሁለቱም ያስቆጨኛል፤ የመቀበያ ኮሚቴ በቁጥር ብቻ የሚፈርደው ውጤቱን የሚያብራራለት ሌላ ማስረጃ ሲያጣ ነውና፤ ያንን ማስረጃ ማቅረብ ደግሞ በአመልካቹ እጅ ያለ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የራስን ትራንስክሪፕት በቅጡ አለማንበብ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው በጋራ ኮርሶች ስለሆነ፣ ሥነ ልቦናን በሙያነት የሚማረው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 2.3፣ በሁለተኛው 2.7፣ በሦስተኛው 3.2፣ በአራተኛው 3.6 ያገኘች ተማሪ፣ የየዓመቱ ክሬዲት እኩል ነው ብንል፣ ጠቅላላ አማካይዋ 2.95 ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት አማካይ ግን 3.4 ነው። በአሜሪካ ብዙ ፕሮግራሞች 3.0ን እንደ ዝቅተኛ መስፈርት ያስቀምጣሉ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ወይም የሥነ ልቦና ኮርሶችን ለብቻ የሚመለከቱም አሉ። ይህችን ተማሪ የመሰለ አመልካች ሁለተኛውን ቁጥር ራሱ አስልቶ በማመልከቻው ላይ ካላሰፈረው፣ ማንም አስልቶ አያነብለትም። ከኮርሶቹ ሁሉ ደግሞ የስታትስቲክስና የጥናት ዘዴ ውጤቶች ይበልጥ ይመዘናሉ። በእነዚህ ሁለቱ ዝቅ ያለ ውጤት ያለው ሰው ከምረቃ በኋላ ተጨማሪ ኮርስ ወስዶ ወይም በአንድ ጥናት ላይ መረጃ በመተንተን ተሳትፎ፣ ያ ድክመት እንደተስተካከለ የሚያሳይ ነገር ቢይዝ ይበጀዋል።

ስለ ዝቅተኛው ውጤት ፈጽሞ ዝም ማለትም ሆነ ሁለት ገጽ ማብራራት እኩል ይጎዳል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ግቢዎች መዘጋታቸውን፣ ከዚያም በኋላ በክልሉ በነበረው ግጭት ትምህርት መቆራረጡን በሌላ አገር ያለ ገምጋሚ ሊያውቅ አይችልም። ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ሴሚስተር እንደሆነና ከዚያ በኋላ ውጤቱ እንዴት እንደተሻሻለ የሚናገሩ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች በቂ ናቸው። መምህርን መውቀስ ግን ምክንያቱ እውነት ቢሆን እንኳ አይረዳም።

በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ጉዳት የሚደርሰው በዓላማ መግለጫው ላይ ነው። ድሩ አፕልቢና ካረን አፕልቢ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የሥነ ልቦና ድኅረ ምረቃ የመቀበያ ኮሚቴ ሰብሳቢዎችን ጠይቀው በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ማመልከቻን የሚያበላሹ ነገሮችን በአምስት ከፍለዋቸዋል፤ እነዚህም ጎጂ የዓላማ መግለጫ፣ ጎጂ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ስለ ፕሮግራሙ አለማወቅ፣ የጽሑፍ ድክመትና ለማስደነቅ ተብሎ የተደረገ ያልተሳካ ሙከራ ናቸው። በመግለጫው ላይ በተለይ ከተነቀፉት መካከል የራስን የአእምሮ ጤና ችግር መተረክና ከመጠን ያለፈ የበጎ አድራጊነት ስሜት ይገኙበታል። የኋለኛው ለእኛ አገር አመልካች በጣም የሚያሳስብ ይመስለኛል፤ ለሰው ማዘንን እንደ ትልቅ ብቃት አድርገን ስላደግን፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ የተቸገሩትን መርዳት ሕልሜ ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሳናስበው ከብዕራችን ይወጣል። ኮሚቴው ግን ሊያውቅ የሚፈልገው አመልካቹ ምን ሊያጠና እንዳሰበ፣ እስካሁን ምን እንደሠራና ለምን ያንን ፕሮግራም እንደመረጠ ነው።

ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው ጥሩ የጥናት ጥያቄ ሩቅ አይደለም። የአእምሮ ሕመም የያዘውን ሰው ቤተሰቡ በቅድሚያ ፀበል ማድረሱ የተለመደ ነው፤ ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ላይ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራ ተማሪ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ለመመረቂያ ጽሑፌ አስታማሚዎችን ስጠይቅ፣ ሕመምተኛው ፀበል ምን ያህል እንደቆየና ወደ ሕክምና ይሂድ ብሎ የወሰነው ማን እንደሆነ መዝግቤያለሁ። አሁን ማጥናት የምፈልገው ይህ ውሳኔ በቤተሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚደረስበት ነው።» እዚህ ላይ ስለ ደግነት አንድም ቃል የለም፤ ሆኖም ጸሐፊው ጥያቄ ያለው፣ መረጃ ሰብስቦ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ወዲያው ይታያል። እንዲህ ያለ አንቀጽ 2.8ን ያስረሳል ባልልም ገምጋሚው ወደሚቀጥለው ገጽ እንዲያልፍ ያደርገዋል። በእርግጥ ያልሠሩትን ሥራ መጻፍ አይገባም፤ ሠርተው የረሱትን መጻፍ ግን ይገባል፣ በተለይም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ከምረቃ በኋላ ከፍተው የማያዩ ብዙዎች ናቸውና።

በድጋፍ ደብዳቤም ላይ የተለመደ ስህተት አለ። አመልካቹ ማዕረጉ ከፍ ያለውን ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ግን ተማሪውን በስም እንኳ ላያውቀው ይችላል። «መምህር፣ የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ ብዬ ነበር» ሲባል «እሺ፣ አዘጋጅተህ አምጣና እፈርምልሃለሁ» የሚል መልስ መስማትም እንግዳ አይደለም። በተማሪው ብዕር የተጻፉ ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ዓይነት ቃና ይኖራቸዋል፤ ያም ያስታውቃል። የተሻለው መንገድ የመመረቂያ ጽሑፉን ያማከረውን መምህር መጠየቅ፣ የተሠራውን ሥራ፣ የተገኘውን ውጤትና የማመልከቻውን ቀነ ገደብ በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ መስጠት፣ ደብዳቤውን ግን ለመምህሩ መተው ነው። መካከለኛ ውጤት ላለው ሰው «ይህ ተማሪ ከነጥቡ በላይ ነው» የሚለውን አምኖበት የሚጽፍ አንድ ሰው ከአምስት ፊርማ ይበልጥበታል።

ቀጣዩ ስህተት ክሊኒካል ሳይኮሎጂን (የአእምሮ ሕመምን መመርመርና ማከም ላይ የሚያተኩረውን ዘርፍ)፣ ያውም በዶክትሬት ደረጃ ብቻ መፈለግ ነው። በአሜሪካ የክሊኒካል ፒኤችዲ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍያውን ስለሚሸፍኑ አመልካቹ እጅግ ብዙ፣ የሚቀበሉት ደግሞ ጥቂት ነው። ሳይዲ (PsyD) የሚባለው፣ ከምርምር ይልቅ በሕክምና ሥራ ላይ የሚያተኩረው ዶክትሬት የተሻለ ቁጥር ይቀበላል፤ ይሁንና ወጪው በአብዛኛው በተማሪው ላይ የሚወድቅ በመሆኑ ከዚህ ለሚሄድ ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ በማስተርስ መጀመርን እንደ ውርደት ማየት አይገባም። በአገር ውስጥ በምክር አገልግሎት፣ በዕድገት ወይም በማኅበራዊ ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ ሠርቶ፣ ጥሩ መመረቂያ ጽሑፍ ይዞ የሚያመለክት ሰው ቀጣዩ ኮሚቴ በዋናነት የሚመለከትለት አዲሱን ውጤት ነው። ለዚህ ደግሞ በትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠውን አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና በቁም ነገር መዘጋጀት ያስፈልጋል። ውጭ አገር ለሚያመለክት ሰው ጂአርኢ (GRE) የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙ ፕሮግራሞች መጠየቅ ቢተዉም፣ በሚቀበሉት ዘንድ ጥሩ ውጤት ዝቅ ያለን አማካይ ይደግፋል፤ አንመለከትም ያሉት ጋ ግን መላክ ትርፍ የለውም።

የመጨረሻው የጊዜና የወረቀት ነገር ነው። የብዙ ዶክትሬት ፕሮግራሞች ማመልከቻ በዲሴምበር 1 ይዘጋል፤ ይህም በእኛ ኅዳር 22 ገደማ ነው። የምረቃ ዓመትን አንዱ ቅጽ ላይ በኢትዮጵያ፣ ሌላው ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር መሙላት፣ የአያት ስም በትራንስክሪፕቱና በፓስፖርቱ ላይ በተለያየ የእንግሊዝኛ ፊደል መጻፉን ሳያስተውሉ መላክ፣ ማመልከቻውን ያለ ምክንያት ያጓትታሉ። ትራንስክሪፕት በቀጥታ ከሬጅስትራር እንዲላክ የሚጠይቁም ስላሉ፣ ጥያቄውን መስከረም ላይ ማስገባትና ስሙ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን በዚያው ሰሞን ማረጋገጥ ይሻላል።