«እርድ የአንጀት ካንሰርን ይገድላል» ሲሏችሁ ዜናውን እንዴት ትፈትሹታላችሁ?

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ገበያ እርድ ስገዛ ሻጯ «ለአልጫ ነው ለካንሰር?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቤት ስደርስ አክስቴ ሁለት ማንኪያ እርድ በብርጭቆ በጥብጣ፣ አፍንጫዋን ይዛ እየጨለጠች ነው። «የአንጀት ካንሰርን ድራሹን ያጠፋል» የሚል መልእክት በቴሌግራም ደርሷታል።

የሚገርመው ወሬው ዝም ብሎ ፈጠራ አይደለም። እርዱን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን የሚባል ንጥረ ነገር የትልቁ አንጀት ካንሰር ሴሎችን ላብራቶሪ ውስጥ ይገድላል። ይሄ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ግን ብርጭቆ ከማንሳታችሁ በፊት እንዲህ አድርጋችሁ ፈትሹት።

መጀመሪያ፣ የሞተው ምንድን ነው? ሰው ውስጥ ያለ ዕጢ ነው፣ የአይጥ ዕጢ ነው ወይስ የላብራቶሪ ሳህን ላይ ያለ ሴል? አብዛኛውን ጊዜ ሳህን ነው። ለምሳሌ ኤችቲ 29 የሚባሉት ሴሎች በ1964 እ.ኤ.አ. ከአንዲት የ44 ዓመት ሴት ዕጢ ተወስደው እስከ ዛሬ በየላብራቶሪው እየተባዙ ነው። ሳህን ላይ ከሆነማ በረኪናም ካንሰር ይገድላል።

ስለዚህ ቀጥሎ፣ እንዴት ሞተ? ነገሩ የሚጥመው እዚህ ጋ ነው። በረኪና ያገኘውን ሁሉ አቃጥሎ ያፈነዳል። ኩርኩሚን ግን ሴሉ ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ ይገፋፋዋል። አፖፕቶሲስ ይሉታል፤ ስሙ በ1972 እ.ኤ.አ. ነው የወጣለት፣ ከግሪክኛ ተወስዶ፣ ቅጠል መርገፍ እንደማለት። ጤነኛ አንጀት ውስጥም በየቀኑ ያለ ነገር ነው፤ የውስጥ ሽፋኑ በየአራት አምስት ቀኑ ይታደሳል፣ ያረጀው ሴል ይረግፋል። የካንሰር ሴል እንግዲህ «አልረግፍም» ያለው ነው። ኩርኩሚን ሲገባበት የሴሉ ኃይል ማመንጫ፣ ሚቶኮንድሪያው፣ ሽፋኑ ይሳሳና ሳይቶክሮም ሲ የሚባል ፕሮቲን ያፈሳል፣ እሱ ካስፔዝ የሚባሉ ቆራጭ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል፣ እነሱ ደግሞ ሴሉን ከውስጥ እንደ ጎመን ይከትፉታል። ሴሉ ይጨማደዳል፣ ይበጣጠሳል፣ ፍርፋሪውን ሌሎች ሴሎች ይውጡታል። ግርግር የለ፣ ቁስለት የለ።

አሁን ሂሳብ። ላብራቶሪ ውስጥ ሴሎቹን ለመግደል ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 50 ማይክሮሞላር (ፈሳሽ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር የሚለካበት መለኪያ ነው) ኩርኩሚን ይጠቀማሉ። ሰው በቀን 8 ግራም ንጹህ ኩርኩሚን ሲውጥ ደሙ ውስጥ የተገኘው ግን 2 ማይክሮሞላር እንኳን አልሞላም። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ደግሞ ከመቶ 3 አካባቢ ነው። 8 ግራም ለማግኘት በቀን ከሩብ ኪሎ በላይ እርድ መብላት ሊኖርባችሁ ነው! ቁንዶ በርበሬ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ከፍ ያደርጋል፣ እውነት ነው፤ ያም ሆኖ ርቀቱ ብዙ ነው። አንጀት ላይ ግን አንድ የሚያስተዛዝን ነገር አለ፦ ወደ ደም ያልገባው እዚያው አንጀት ውስጥ ይቀራል፤ ተመራማሪዎች ተስፋ ያልቆረጡት ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ሰው ላይ ተሞክሮ መድኃኒት ሆኗል ወይ በሉ። ከሌላ ተክል የሆነ አለ። ካምፕቶቴሲን የተባለው ንጥረ ነገር በ1966 እ.ኤ.አ. ከአንድ የቻይና ዛፍ ተለየ። እንዳለ ሲሰጥ ሰው ጎዳ። ከዚያ ቀይረውና አስተካክለውት ኢሪኖቴካን ሆነ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለአንጀት ካንሰር ፈቀደችው፣ ዛሬም ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር ሴልን የሚገድል መድኃኒት፣ ሆኖ ይሰጣል። ከዛፍ እስከ መርፌ 30 ዓመት። እርድ ገና እዚህ አልደረሰም።

ወጥ ውስጥ ያለው እርድ ችግር የለውም፣ ብሉ። በማንኪያ ወይም በክኒን የምትወስዱ ግን፣ በተለይ ኬሞ ላይ ወይም የደም ማቅጠኛ ላይ ያላችሁ፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጣ «ታዲያ ደሙን ምን ያቁምልኝ?» አለች።

«የምን ደም እቴቴ?»

ለካ ከጥምቀት ጀምሮ ሽንት ቤት ስትቀመጥ ደም ይታይባታል። ኪንታሮት ነው ብላ ለማንም አልተናገረችም። ሐሙስ በጠዋቱ ተሳፍረን አዲስ አበባ እንሄዳለን፣ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ኮሎኖስኮፒ፣ ትልቁ አንጀት ከውስጥ በካሜራ የሚታይበት ምርመራ፣ ቀጠሮ ይዤላታለሁ።