በትንሽ ከተማ በአቅማችን የሚሆን ኪራይ ቤት እንዴት እናገኛለን?

መምህር፣ ነርስ ወይ የባንክ ሠራተኛ ሆናችሁ ወደማታውቁት ከተማ ተመደባችሁ እንበል። ትንሽ ከተማ ላይ ጥሩ ቤት የሚገኘው በሰው በሰው ነው። ደላላው ጋ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት ያልፈለገው ወይም ዋጋው የተሰቀለው ነው።

መጀመሪያ ለጥቂት ቀን አልጋ ያዙ፣ ወይ ዘመድ ጋ እረፉ። ሻንጣ አንጠልጥሎ ቤት የሚፈልግ ሰው የተጠራበትን ዋጋ ነው የሚከፍለው።

ቀጥሎ መሥሪያ ቤታችሁን ጠይቁ፣ በተለይ ጥበቃዎቹንና ተላላኪዎቹን፤ የከተማው ሰዎች ስለሆኑ የማን ግቢ ውስጥ ክፍል እንደተለቀቀ ቀድመው ይሰማሉ። ዝውውር የደረሰው ባልደረባ ካለ ደግሞ ሳይወጣ አብራችሁት ሂዱና አከራዩን ተዋወቁ። አከራይ ለማያውቀው ሰው ዋጋ ይጨምራል፣ የሚያምነው ተከራይ ላመጣለት ሰው ግን ብዙ ጊዜ በነበረው ይሰጣል።

ከዚያ በእግር መዞር ነው። ሱቅ ጎራ በሉ፣ ቡና ጠጡ፣ «እትዬ፣ እዚህ ሰፈር የሚከራይ ክፍል ይኖር ይሆን?» በሉ። ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ሲባል ዋጋው ይቀንሳል፤ ግን የባጃጁን ሂሳብ በወር አስሉት፣ አንዳንዴ የተረፈውን ሁሉ ይበላዋል። ከተቻለ መስከረም ሳይገባ ፈልጉ፣ ትምህርት ሲከፈት ሁሉም ነው ቤት ፈላጊ። ደላላ ከያዛችሁም ኮሚሽኑን ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ቤት ሳታዩ ቀብድ አትስጡ።

ቤቱን ስታዩ አትቸኩሉ። ስለ ውሃ አከራዩን ሳይሆን እዚያው ግቢ ያለውን ተከራይ ጠይቁ፦ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሌሊት ነው ወይስ ቀን? ሮቶው ለተከራይም ነው ወይስ ለባለቤቱ ብቻ? በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ሌሊት ብቻ ከሆነ ጄሪካን ደርድሮ መጠበቅ አለ፣ ካልሆነም ገዝቶ ማስቀዳት፣ እሱም ከኪራዩ ላይ የሚደመር ወጪ ነው። መብራት ላይ ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? የጋራ ከሆነ እንዴት ነው የሚካፈለው? የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚከለክሉ አከራዮች ብዙ ናቸው፤ እንጀራ እየገዛችሁ ልትኖሩ ከሆነ ርካሽ የመሰላችሁ ቤት ርካሽ አይደለም። ሽንት ቤቱን ስንት ሰው ይጠቀምበታል? የግቢው በር በስንት ሰዓት ይዘጋል? ተረኛ አዳሪ ለሆነ ሰው ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

የአየሩን ነገርም አትርሱ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ብርዷ አይቻልም፣ ፀሐይ የሚያገኘውን ክፍል ምረጡ። በዚያው መንገድ ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ግን ሙቀት ነው፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ቀን ቀን አያስቀምጥም። ግድግዳው ከታች ከረጠበ ወይ አዲስ ቀለም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ከተቀባ፣ ክረምት ላይ እርጥበት አለ ማለት ነው።

ዋጋ ስትነጋገሩ በአክብሮት ይሁን። «ጋሼ፣ ቤቱን እንደራሴ ነው የምይዘው፣ ትንሽ ቀንሱልኝ» ማለት ከክርክር የበለጠ ይሠራል። ስንት ሰው እንደምትኖሩ አትደብቁ፣ በኋላ ጠብ የሚነሳው በዚህ ነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በወሰነባቸው ስለሆነ፣ እናንተ ያላችሁበት ከተማ ውስጥ ተግባራዊ መሆኑን ቀበሌ ጠይቁ። ኪራዩን በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈሉ፣ ማስረጃ ይሆናችኋል። ዕቃ ከማስገባታችሁ በፊት ደግሞ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር አከራዩ ባለበት በስልክ ፎቶ አንሱት፣ የቀድሞው ተከራይ ዕዳ እናንተ ላይ እንዳይመጣ።