የስፌት ሠራተኛዋ አቤቱታ ውጭ አገር ላለው ገዢ እንዴት ይደርሳል?

ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የምትሠራ እህት ወይም ጎረቤት ካለቻችሁ "ኦቨርታይሜ አልገባም" ስትል ሳትሰሙ አትቀሩም። ሱፐርቫይዘሩ "ኤችአር ሂጂ" ይላታል፤ ኤችአር ደግሞ "መጀመሪያ ለሱፐርቫይዘርሽ ንገሪ"። ሁለቱም የሚሰሙት ሦስተኛ ወገን ግን አለ፤ እሱም ሸሚዙን ያዘዘው የውጭ ኩባንያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባጸደቃቸው መርሆዎች መሠረት ገዢው "ፋብሪካው የእኔ አይደለም" ብሎ መገላገል አይችልም። በሚያሠራቸው ፋብሪካዎች በደል እንዳይደርስ መጣር አለበት፤ በደሉ ላይ የራሱ እጅ ካለበት ደግሞ መካስ አለበት።

መንገዱ ረጅም ቢሆንም የሚጀምረው ከአንድ ደብተር ነው።

1. ደብተር ያዙ

"ሁሌ ያስመሹናል" የሚል አቤቱታ የትም አይደርስም። የሚደርሰው እንዲህ የተጻፈ ነው፦ "ጥር 12 ቀን 2017፣ ላይን 7። መውጫችን 11 ሰዓት ነበር፤ የለቀቁን ምሽት 1 ሰዓት ላይ ነው። የወሩ ፔይሮል ላይ ኦቨርታይም የለም።"

ሒሳቡንም እዚያው ሥሩ። ወርኃዊ ደመወዟ 2,080 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት ሲታሰብ ወሩ 208 የሥራ ሰዓት ስለሚሆን የአንዱ ሰዓት ዋጋ 10 ብር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል። ስለዚህ የዚያ ምሽት ሁለት ሰዓት 30 ብር ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ማባዣው 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ይሆናል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ እንደሌለበትም አትርሱ።

እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ አቤቱታ ይበላሻል። የእኛን ሰዓትና የእኛን ቀን እንዳለ ወደ ውጭ አትላኩ። "በ1 ሰዓት ለቀቁን" የሚለውን አውሮፓዊ ካነበበው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይመስለዋል፤ ከፋብሪካው የመግቢያና መውጫ መዝገብ ጋር ሲያስተያየውም "ውሸት ነው" ብሎ ይዘጋዋል። ጥር 12 ቀን 2017ን "ጃንዋሪ 20 ቀን 2025"፣ ምሽት 1 ሰዓትን "19፡00" ብላችሁ ቀይሩ። ደብተሩ ላይ ግን በለመዳችሁት ጻፉ፤ የሚቀየረው ደብዳቤው ላይ ነው።

2. የአገር ቤቱን ጊዜ አታስበሉ

የውጭውን ኩባንያ መልስ ስትጠብቁ አዋጁ የሰጣችሁ ጊዜ ያልፋል። የደመወዝና የኦቨርታይም ጥያቄ ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይታገዳል። ከሥራ የተባረረች ሴት ወደ ሥራዋ ልመለስ ለማለት ያላት ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው። ለገዢው የተጻፈ ኢሜይል ይህን ቆጠራ አያቆመውም። ስለዚህ ክሱን ለሥራ ክርክር ችሎት ማቅረብ ወይም ጉዳዩን ለአካባቢው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ማሳወቅ ከደብዳቤው ጋር አብሮ መሄድ አለበት። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

ጊዜ ምን እንደሚያደርግ የካራቺው ጉዳይ ያሳያል። መስከረም 2012 (እ.ኤ.አ.) አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኞች ሞቱ። ከእሳቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ፋብሪካው ደረጃውን የጠበቀ ነው የሚል ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ነበር። ዋናው ገዢ ኪክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው። ከእሳቱ የተረፈ አንድ ሰውና ልጆቻቸውን ያጡ ሦስት ወላጆች በ2015 ዶርትሙንድ ፍርድ ቤት ከሰሱት። በ2019 ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ ያደረገው ኪክ ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ሳይሆን፣ በፓኪስታን ሕግ ጊዜው አልፏል ብሎ ነው።

3. ገዢውን ለዩ

ፋብሪካው ለማን እንደሚሰፋ ሠራተኛዋ ታውቃለች፤ አንገት ላይ የምትሰፋው መለያ ላይ አለ። ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው የልብስ ፋብሪካዎች ሕንፃ ሚያዝያ 2013 (እ.ኤ.አ.) ሲደረመስና ከ1,100 በላይ ሰው ሲሞት፣ እነማን እዚያ ያሠሩ እንደነበር ለመለየት ከረዱት ነገሮች አንዱ ከፍርስራሹ የተለቀመ መለያ ነው።

መለያውን ግን ይዛችሁ አትውጡ። አንድ መለያ ኪስ ውስጥ ከተገኘ ለስርቆት ክስ ይበቃል። ስልክ በር ላይ የሚሰበሰብ ከሆነም ችግር የለውም፤ የምርቱን ስም፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን የትዕዛዝ ቁጥርና የስታይል ቁጥር በቃል ይዞ ማታ ደብተር ላይ ማስፈር ይበቃል። አሜሪካ የሚሸጥ ልብስ ላይ ብዙ ጊዜ "አር ኤን" የሚል ቁጥር አለ። ዋሽንግተን ያለ የአክስት ልጅ በአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብቶ የኩባንያውን ስም ያገኛል። "ኦፕን ሰፕላይ ሃብ" የተባለው ክፍት ካርታ ደግሞ በፋብሪካው ስም ሲፈለግ የትኞቹ ብራንዶች እንደዘረዘሩት ያሳያል።

4. አንድ ገጽ ጻፉ

የትዕዛዝ ቁጥሩን ከላይ አድርጉ፤ ገዢው ቢሮ ውስጥ አንድ የሚያውቀው ነገር እሱ ነው። ቀጥሎ ምን እንደተደረገ፣ መቼ፣ ስንት ሰው ላይ፣ ስንት ብር እንደቀረ። የሠራተኞቹን ስም አታስገቡ፤ "ስማቸውን በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ብቻ እንሰጣለን" በሉ። ማኅበር ከሌለ አሥር ሠራተኞች ማቋቋም ይችላሉ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም (ኢሠማኮ) በዚህ ይረዳል።

የምትጠይቁትን በግልጽ አስቀምጡ፦ ያልተከፈለው ይከፈል፣ አቤቱታ ያቀረበ አይባረር፣ ትዕዛዙም እንዳይቋረጥ። የመጨረሻዋን በምንም አትዝለሏት። ገዢ ሲደነግጥ የሚቀናው ጥሎ መውጣት ነው። አሜሪካ በጃንዋሪ 2022 ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስታስወጣ ሰበቧ ጦርነቱና የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነበር፤ ሥራቸውን ካጡት መካከል ግን በጦርነቱ እጃቸው የሌለበት የስፌት ሴቶች ነበሩ።

5. ዝም ካሉ

ገዢው በጀርመን 1,000 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው በአገሪቱ የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ የአቤቱታ መቀበያ እንዲኖረው ይገደዳል፤ ካልሰማ ለፌዴራሉ የኢኮኖሚና ኤክስፖርት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ይጻፋል። ኦኢሲዲ በተባለው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት አባል አገሮች ደግሞ "ብሔራዊ የግንኙነት ቢሮ" የሚባል አለ። ኢትዮጵያ ስለሌላት ገዢው ወዳለበት አገር ቢሮ ይጻፋል። ያሸማግላል እንጂ አይፈርድም፤ ብዙ አትጠብቁ። እንደ ኤች ኤንድ ኤምና ኢንዲቴክስ ያሉት ትላልቅ የልብስ ኩባንያዎች ደግሞ ኢንዱስትሪኦል ከተባለው ዓለም አቀፍ የሠራተኞች ኅብረት ጋር ስምምነት አላቸው፤ በዚያ በኩል የመጣ ቅሬታ በሩ ቶሎ ይከፈትለታል።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ "ኦዲተር ልከናል" የሚል ነው። የዚያን ቀን ሽንት ቤቱ ይታጠባል፣ ጓንት ይታደላል፣ ምን መመለስ እንዳለበትም ጠዋት ይነገራል። ስለዚህ መልሳችሁ ወዲያው ይሂድ፦ ሠራተኞቹ ከግቢ ውጭ፣ በእሑድ፣ አማርኛ ወይም ሲዳምኛ በሚችል ሰው ይጠየቁ። ደብተሩን ይዘው ይመጣሉ።