ሆርሞን የመሰለኝ ክር

የአይጥ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ላይ አልፋ-ኤምኤስኤች የሚባለውን ሆርሞን እየፈለግኩ ነበር። ሆርሞኑን ይዞ ያለበትን ቦታ በብርሃን የሚያሳየውን አንቲቦዲ ጨምሬ በማይክሮስኮፕ ሳይ የነርቭ ክሮቹ ከዳር እስከ ዳር አበሩ። በጣም ደስ አለኝ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሆርሞን በትንንሽ ከረጢቶች ስለሚታሸግ ነጠብጣብ ሆኖ ነው የሚታየው። የእኔው እንደ ተፈተለ ጥጥ አንድ ወጥ መስመር ነበር።

የተለመደውን የማጣሪያ ሙከራ ሠራሁ። አንቲቦዲውን አስቀድሜ ከንጹሕ ሆርሞን ጋር ስቀላቅለው ብርሃኑ ጠፋ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚህ ተማምኜ ቆየሁ። ለካ ይህ ማጣሪያ አይለይም! ያው አንቲቦዲ ሌላ ፕሮቲንም የሚይዝ ከሆነ፣ መያዣው በሆርሞኑ ሲሞላ ያኛውንም መያዝ ያቅተዋል። ብርሃኑ በሁለቱም መንገድ ይጠፋል።

የገላገለኝ ፕሮቲኖችን በክብደታቸው የሚለየው ዌስተርን ብሎት ነው። ሆርሞኑ 13 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ ክብደቱ 1.7 ኪሎዳልተን ገደማ። የእኔ መስመር የወጣው 150 ኪሎዳልተን አካባቢ ላይ ነው። እዚያ የሚገኘው ኒውሮፊላመንት፣ የነርቭ ክሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው አጽም ነው። የአልፋ-ኤምኤስኤች አንቲቦዲ ኒውሮፊላመንትን እንደሚይዝ እ.ኤ.አ. በ1983 ታትሞ ነበር። ቀድሜ ባነበው ኖሮ!

ከዚያ ሆርሞኑ ተቆርጦ የሚወጣበትን የእናት ፕሮቲን ሌላ ክፍል የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ ሞከርኩ። ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያሉት ሆርሞኑን የሚሠሩ ሴሎች አበሩ፤ የሬቲናው ክር ጨለማ ሆነ። የኒውሮፊላመንት አንቲቦዲ ስጨምር ግን ያው የድሮው መስመር ተመልሶ መጣ። ስላይዶቹ ላይ የነበረውን ስም ሰርዤ "ኒውሮፊላመንት" ብዬ ጻፍኩ።